የጎሚስታው ልብ

በአንድ ወቅት፣ ጎማና አየር የሰው ደረት ውስጥ መግባት በጀመሩበት ወቅት፣ ከሐይቅ ዳር ባለች ከተማ ጋሽ ቸኮል የሚባሉ ጎሚስታ ይኖሩ ነበር። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ እንየው፣ መካከለኛዋ ዘርፌ፣ የመጨረሻው ዳምጤ። እናታቸው ዳምጤ ጡት ሳይጥል ስለሞተች፣ ሦስቱም ያደጉት እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በኮምፕሬሰር ጩኸትና በማስቲሽ ሽታ መሀል ነው።

እንየው ጎማ የሚያውቅ እጅ ነበረው። ካላማዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ በጣቱ ዳብሶ የት ጋ እንደሳሳና መቼ እንደሚተረተር ይናገራል። ዘርፌ አየር የሚያውቅ ጆሮ ነበራት። ሌላው ጎሚስታ የተበሳውን ቦታ ለማግኘት ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲፈልግ፣ እሷ ጆሮዋን ታስጠጋና «እዚህ ጋ» ትላለች። የዳምጤን ስጦታ ግን ማንም አያውቅም ነበር። አባቱ ደንበኛ ፊት «ይሄኛው ክሪክ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። «መኪና ሥር አስገብተኸው ብትሄድ፣ ስትመለስ እንደተሸከመ ታገኘዋለህ።»

ታዲያ የጋሽ ቸኮል ልብ ደከመ። ልብ ጡንቻ ነው፤ ሥራው ደምን ጨምቆ መላክ ነው። ጡንቻው ሲለጠጥና ሲሳሳ ይመታል እንጂ አይጨምቅም፤ ብዙ ተነፍቶ እንደላላ ካላማዳሪ ይሆናል። እግራቸው አበጠ። ተጋድመው መተኛት ስላቃታቸው ጎማ ደርድረው ተደግፈው ያድሩ ጀመር። እንየውና ዘርፌ ያን ጊዜ የሚሠሩት ሆስፒታል ነበር፤ ዶክተር ሐረገወይን የምትባል የልብ ቀዶ ሐኪም ለስላሳ ሮቦት በምትሞክርበት የጓሮ ክፍል ውስጥ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ፤ ያለዚያ ክርክሩ አይገባችሁም። ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ብረት ነው። ብረት ግን ልብን ቢጨብጥ ያደቀዋል፤ ሥጋ ከራሱ የጠነከረ ነገር አይወድም። ስለዚህ ይሄኛው ሮቦት የሚሠራው ከሲሊኮን ነው፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ከሚለሰልስ ነገር። ልቡን ከውጭ እንደ እጅጌ ያለብሱታል። በግድግዳው ውስጥ ቀጫጭን የአየር መንገዶች አሉ፤ አየር ሲገባባቸው ይጨብጣል፣ አየር ሲወጣ ይለቃል። ላም የሚያልብ እጅ አይታችሁ የለ? ጣቶቹ ባንዴ አይጨምቁም፤ ከላይ ጀምረው በተራ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይኸውም እንደዚያው ነው። አየሩን የሚልከው ቀበቶ ላይ የሚታሰር ፓምፕ ሲሆን፣ ከፓምፑ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ በቆዳ በኩል ወደ ደረት ይገባል። እነእንየው እጅጌውን «እቅፍ» ይሉታል። እስከዚያ ጊዜ የታቀፈው ግን የበግ ልብ ብቻ ነበር።

«ሰው ላይ ገና አልተሞከረም» አለቻቸው ዶክተሯ።

«ለበግ ከሆነ ለኔም ይሆናል» አሉ ጋሽ ቸኮል። «ሰፈሩን ጠይቂ፤ ጠባዬ የበግ ነው።»

እንየው እቅፉን ሠራ። ሲሊኮን ሁለት ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል፤ ቀላቅለው ፎርማ ውስጥ ያፈሱታል፣ ቆይቶ ይረጋል። አንድ ጠላት አለው፤ ድኝ። ድኝ የነካው ቦታ እንደ ማር ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይረጋም። ጎማ ደግሞ የሚጠነክረው በድኝ ነው፤ የሱቁ ማስቲሽም ውስጥ አለ። እንየው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ሱቅ በዋለበት ቀን ሲሊኮን አይነካም። ነገር ግን በእነሱ ቤት አዲስ ሥራ ያለ አባት ምርቃት አይጀመርም። ፎርማውን አምጥቶ አሳያቸው። ጋሽ ቸኮል ከተደገፉበት ቀና ብለው፣ መዳፋቸውን ፎርማው ውስጥ አስገብተው፣ የአየር መንገዶቹን ቅርጽ የሚያወጣውን መሀሉን እየዳበሱ፣ «የያዝከው ይጽና፣ የነካኸው ይለምልም» አሉ። ያ መዳፍ ዕድሜ ልኩን ማስቲሽ የጠጣ መዳፍ ነው። እንየው «አባዬ፣ እጅህን አንሳ» አላለም። ሆስፒታል ሲመለስ ፎርማውን በአልኮል ደጋግሞ ጠረገ፤ ሲሊኮኑን አፈሰሰ፤ ረጋ። ዳብሶ ፈተሸው፣ ምንም አላገኘም።

ዘርፌ ምቱን ሠራች። ልብ ከመጨበጡ በፊት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰጣል፤ እንደ ጥሪ ቁጠሩት። የዘርፌ ፓምፕ ጥሪውን ሰምቶ በዚያችው ቅጽበት አየር ይልካል። ቀድሞ ቢልክ ከልቡ ጋር ይጣላል፤ ዘግይቶ ቢልክ ልፋቱ መና ነው። ልቡ መጥራት የረሳ እንደሆነስ? ለዚያ ብላ ፓምፑ ውስጥ ሰዓት አስገባችለት፤ ጥሪው ሲጠፋ ፓምፑ በራሱ ሰዓት ይቀጥላል። ያን ሰዓት ከአባቷ ጋር ለማስማማት ደረታቸው ላይ ጆሮዋን ጥላ ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳሳለፈች የምታውቀው እሷ ናት።

ዳምጤ ምንም አልሠራም። ታክሲ ላይ ረዳት ነበር፤ እቅፉ አባቱ ደረት ውስጥ ሲገባ ሥራውን ተወና ጎናቸው ተቀመጠ። በዚያች ከተማ መብራት ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል። ስለዚህ ከፓምፑ ጋር አንዲት የእጅ መንፊያ ተሰጥታቸው ነበር፤ ደም ግፊት ሲለካ ነርሷ የምትጨብጣትን የጎማ እንቡጥ የመሰለች። ባትሪው ባለቀ ቁጥር ዳምጤ ቱቦውን ከፓምፑ ነቅሎ መንፊያዋ ላይ ይሰካና፣ መብራት እስኪመጣ የአባቱን ልብ በመዳፉ ይጨምቃል። ክረምቱ ያለፈው እንዲህ ነው። «ከእህትህ ማሽን አንተ ትሻላለህ» ይሉታል ጋሽ ቸኮል። «የሷ ማሽን የታክሲ ወሬ አያመጣም።»

እቅፉም ሠራ። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ጋሽ ቸኮል ተጋድመው ተኙ፣ ሱቃቸውን ከፈቱ። ቀበቷቸው ላይ ፓምፑ አየር እየተፋ ጢስ ጢስ ሲል ደንበኛው ይስቃል።

«ጋሽ ቸኮል፣ ዛሬ ስንት ተነፉ?»

«እንደ ሚኒባስ የኋላ ጎማ። ትርፍ ጫንብኝ፣ እችላለሁ።»

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቸርኬ አቅፈው እንደቆሙ ወደቁ።

የሆነው ይህ ነው። እቅፉ ሁለት ሽፋን አለው ብላችሁ አስቡ። በሁለቱ ሽፋን መሀል፣ መዳፋቸው በዳበሰው በኩል፣ አውራ ጣት በምታህል ቦታ፣ ሲሊኮኑ ከመጀመሪያው አልረጋም ነበር። ከውጭም ከውስጥም ቆዳ ስለያዘ ለዳሳሽ ጣት አይታወቅም። እየቆየ ግን ሽፋኖቹ እዚያ ጋ ተላቀቁ፤ አየሩ ወደዚያ እየሸሸ ያ ጥግ መጨበጥ አቆመ። እቅፉ ያልጨበጠው የልብ ጥግ ላይ ደም ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ጭንቅላታቸው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቸኮል አልጋ ላይ ናቸው። ዓይናቸው ተገልጧል፣ የሚያይ ግን የለም። ትንፋሻቸው ቀጭን ነው። እጃቸው ሲነካ ይሞቃል፤ ክንዳቸው ላይ ጣት ያሳረፈ ሁሉ ምት ያገኛል፣ ያውም የተስተካከለ፣ የጎልማሳ ምት። ዶክተር ሐረገወይን ጭንቅላታቸውን በማሽን አይታ «አእምሯቸው አይመለስም» አለች።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ ሆስፒታል መጡ። በሽተኛውን አይተው፣ ምታቸውን ዳብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «የመጣሁት ግራ ገብቶኝ ነው። የዕድሩ ሴቶች ደጅ ላይ ቆመዋል። ‹እግዜር ይማርዎ› እንበል ወይስ ‹እግዜር ያጥናችሁ›?»

መስኮቱን ጠጋ ብለው መኪና ላይ የታሠረውን ድንኳን አዩ።

«ድንኳን ጭኖ መጥቶ መመለስ ነውር ነው። ሳይጭኑ መቅረትም ነውር ነው። የማደርገው እንዲገባኝ ብዬ ነው እንጂ እናንተን ለማጣደፍ አይደለም።»

«ደጅ ይቆዩልን፣ አባባ» አለች ዘርፌ።

እሳቸው ሲወጡ ዶክተሯ በሩን ዘጋች። «ያለው መንገድ ይህ ነው» አለች። «ደረታቸውን ከፍቼ አዲስ እቅፍ ላለብሳቸው እችላለሁ፤ ከጠረጴዛው የማይነሱበት ዕድል ይበዛል፤ ቢነሱም አእምሯቸው ያው ነው። ወይም እንዳሉ እንተዋቸው፤ እቅፉ አንድ ቀን በራሱ ይተረተራል፣ ያ ቀን ለእሳቸውም ለእናንተም ጥሩ አይሆንም። ወይም ፓምፑን እናጠፋለን። እኔ የምፈልገው የአንድ ሰው ቃል ነው። ሦስት ሆናችሁ ሦስት ነገር ስትነግሩኝ እጄ ይታሰራል።»

መጀመሪያ የተናገረው እንየው ነው። የምርቃቱን ነገር አወጣ።

«ለምን አልነገርከንም?» አለች ዘርፌ።

«የጠረግኩት መስሎኝ።»

«አልመሰለህም። አባዬን እጅህን አንሳ ማለት አፍረህ ነው።»

«አንቺ ትይው ነበር?»

ዘርፌ ወደ ፓምፑ ዞረች። «እሱ ይቅር» አለች። «ስሙኝ። ፓምፑ የሚሰማው ጥሪ የለም። በጣም አልፎ አልፎ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፣ ጥሪ ይሁን የገመድ ጫጫታ አላውቅም። የቀረው ምት በሙሉ የኔ ሰዓት ነው። አባዬ ሄዷል። ክንዱ ላይ የምትዳብሱት እኔን ነው።»

«አልሄደም» አለ ዳምጤ።

«በምን አወቅህ?»

«ትናንት ባትሪው ሲያልቅ በእጄ ይዤው ነበር። ገፋኝ።»

«የገፋህ ሲሊኮን ነው፣ ዳምጥዬ። ሲሊኮን ሲጨመቅ ይመለሳል፤ ሥራው ነው።»

«የሲሊኮኑን አውቀዋለሁ። ከሱ በኋላ ሌላ መጣ።»

«ሁልጊዜ?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ ማለት ምኞት ነው።»

«አንዳንዴ ማለት አንዳንዴ ነው» አለ ዳምጤ።

እንየው «አባዬ ራሱ ምን ይል ነበር?» አለ። «‹ልጣፍ በልጣፍ ላይ ከሆነ ጎማ መባሉ ቀርቷል› ይል የለ? አዲስ ይግባለት።»

«ያን የሚለው ጣሉት ለማለት ነበር» አለች ዘርፌ።

«ይላል እንጂ መቼ ጣለ» አለ ዳምጤ። «ያ ሁሉ ካላማዳሪ የሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የለም እንዴ?»

በቃል እንደማይስማሙ ሲያውቁ እያንዳንዳቸው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

እንየው አዲስ እቅፍ አፈሰሰ። የሱቁን አየር የነካ ልብስ ሁሉ አውልቆ ደጅ ጣለ፣ ፀጉሩን ተላጨ፣ እጁ እስኪላላጥ ታጠበ። ፎርማውንም ከአዲስ ነገር ሠራ። ወንድሙ ሊያየው ሲመጣ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ በአንገቱ ሰላም አለው እንጂ አልጨበጠውም። ይህን ጊዜ ምርቃት አልነበረም። የረጋውን እቅፍ በዚያው ፎርማ ለሙከራ ካወጣው ቁራጭ ጋር ለዶክተሯ ሰጣት፤ ቁራጩን ቆርጣ መሀሉን አየችው፤ እንከን የለውም። ታሽጎ በንጹሕ ሣጥን ከእሷ ጋር ወደ አባቱ ክፍል ይዞት ገባ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የማስተካክለውም እኔ ነኝ» አለ። «ይከፈትና ይግባ። ቢሞት እንኳ በኔ ስህተት ታቅፎ አይሞትም።»

ዘርፌ ፓምፑን ከፈተች። አልጠየቀችም፣ አላስፈቀደችም፤ እሷ የሠራችው ነው። ሰዓቱን አወጣችውና ፓምፑን መልሳ ዘጋችው። «ፓምፑ አልጠፋም» አለች። «አሁንም ይሰማል። ልቡ ከጠራ ይመጣል። ካልጠራ ይጠብቃል። እኔ አባቴን አልገደልኩም፤ ከደረቱ ውስጥ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

ፓምፑ ጠበቀ። በክፍሉ ውስጥ ያ የለመዱት ጢስ ጢስ የለም። የጋሽ ቸኮል ከንፈር መልኩን መለወጥ ጀመረ። ከዚያ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ፓምፑ ጢስ አለ። ሁሉም ወደ ዶክተሯ ዞሩ።

«ልብ ከቆመም በኋላ እንዲህ ያለ ብልጭታ ይመጣል» አለች። ቀጥላም «ከመቆሙ በፊትም ይመጣል» አለች።

ዳምጤ ቱቦውን ከፓምፑ ነቀለ። መንፊያዋ ላይ ሰክቶ መጨመቅ ጀመረ።

የጋሽ ቸኮል ከንፈር ተመለሰ። ዳምጤ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ከአባቱ ፊት ሳይነቅል፣ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋል። «እስከምችል ድረስ ነው» አለ። «ከዚያ በላይ አልልም።»

«ሰዓቱን መልሺው» አለ እንየው እህቱን።

«አልመልስም።»

«እንግዲያው ለኔ ስጠኝ» አለ ዳምጤን። «ዶክተሯ እስክትዘጋጅ እኔ እይዛለሁ።»

«እንዳትሰጠው» አለች ዘርፌ። «እሱ ከያዘ አባዬን ዳግም ያሳርደዋል። ለኔ ስጠኝ።»

«አንቺ ምን ልታደርጊ?» አላት ዳምጤ።

«የአባዬን እጅ እይዛለሁ። መንፊያዋን አስቀምጬ እጁን እይዘዋለሁ።»

ዶክተር ሐረገወይን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «አሁንም የአንድ ሰው ቃል ነው የምጠብቀው» አለች። «የማን እንደሆነ ግን እኔ አልልም።»

ደጅ፣ አቶ ሽብሩ የጫኑት ድንኳን መኪና ላይ እንደታሠረ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዴት እንደሚያጣፉ አላወቁም፤ አንዷ ዘቅዝቃለች፣ ሌሎቹ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል።

እንግዲህ ተከራከሩ። ይህን ነገር ላወራሁት ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ የተስማማ አላገኘሁም። ለእንየው ይሰጥ የሚሉ አሉ። ስህተቱን ካመነ ሰው ላይ መካሻውን መንጠቅ ግፍ ነው፣ ደግሞም እቅፉን የሚያውቀው እሱ ነው ይላሉ። ወዲያው ሌላው ይነሳና፣ የራሱን ጸጸት ለማከም የአባቱን ደረት የሚያስከፍት ሰው ቃል አይሰጠውም ይላል። የዘርፌን ነገር ሳወራ ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ በአባቱ ላይ ማን ደፍሮ እንዲህ ያደርጋል ብሎ። ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ጋሽ ቸኮልን ራሳቸውን የጠየቀች እሷ ብቻ ናት፤ ሰዓቱን ማውጣቷ «ካለህ ጥራኝ» እንደማለት ነው። እሳቸውም አንዴ ጠሩ። ወይም አልጠሩም። ያች አንዲት ጢስ ለማን ትመሰክራለች? ለዘርፌ ወይስ በዘርፌ ላይ?

ዳምጤስ? ሲሊኮን አላፈሰሰም፣ ፓምፕ አልሠራም። መንፊያዋ ግን እጁ ላይ ናት፤ ክረምቱን ያሳለፉትም በእሱ መዳፍ ነው። አንዲት ሴት «ጧሪውም እሱ፣ ቀባሪውም እሱ ይሁን» አለችኝ። ባሏ ቀበል አድርጎ «እሱማ ተሸካሚ ነው፤ ተሸካሚ መቼ እንደሚያወርድ አያውቅም» አላት። እሷም «አንተ የተሸከምከው ነገር ስለሌለ ነው» አለችው፤ እዚያው ተጣሉ።

ዳምጤ ግን አሁን እየጨመቀ ነው። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። በግራው ይይዛል፣ በቀኙ ይይዛል፣ ወደ ግራው ይመልሳል። ምቱ መዛነፍ ጀምሯል። እንየው ሣጥኑን አስቀምጦ በአንድ በኩል እጁን ዘርግቷል፤ ዘርፌ በሌላው በኩል እጇን ዘርግታለች። ዳምጤ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ አባቱን አየ።

«እጄ እየከዳኝ ነው» አለ። «ለማን ልስጥ?»

እናንተ ንገሩት። መንፊያዋ የምትገባው ለማን ነው?